ተጠባባቂ መስመርና ብልሽትን የማወቅ ዘዴ በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መረብ

የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍልና የአስተዳደር ሕንፃ በአንድ ኬብል ብቻ የተያያዙ ከሆነ፣ ኬብሉ በተቆረጠ ዕለት ምዝገባውም ፈተናውም ይስተጓጎላል። ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች ሁለተኛ ኬብል እንዲዘረጋ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ይሁንና ኬብል ማብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ያለ ዝግጅት የተሰካ ሁለተኛ ኬብል መረቡን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል።

ስዊች ለሁሉም የተላከን መልእክት ከገባበት ፖርት በስተቀር በሌሎቹ ሁሉ ያሰራጫል። በሁለት ስዊቾች መካከል ሁለት መንገድ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ መልእክቱ በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። በኤተርኔት መልእክት ላይ ዕድሜውን የሚወስን ቆጣሪ ስለሌለ ዙሩ ማብቂያ የለውም፤ መስመሩም ወዲያው በቅጂዎች ይጨናነቃል። ለዚህ መፍትሔ የሆነውን «ስፓኒንግ ትሪ» የተባለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1985 የቀየሱት በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ራድያ ፐርልማን ናቸው። በደንቡ መሠረት ስዊቾች እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ትርፍ የሆነው ፖርትም ተዘግቶ በተጠባባቂነት ይቆያል። የቀድሞው ደንብ ተጠባባቂውን እስኪከፍት ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ፈጣኑ ዓይነት ግን በየ2 ሴኮንዱ ሊደርስ የሚገባው መልእክት ሦስት ጊዜ ከቀረ ብልሽት መኖሩን ይረዳል።

ሌላው መንገድ ሁለቱን ኬብሎች አጣምሮ እንደ አንድ መስመር ማሠራት ነው። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥምረቱ ያለ መቆጣጠሪያ ደንብ በእጅ ብቻ ከተዘጋጀ ስዊቹ የሚያምነው የፖርቱን መብራት ነው። በመካከሉ ፋይበርን ወደ መዳብ የሚለውጥ መሣሪያ ካለ ደግሞ ፋይበሩ ተቆርጦም መብራቱ ላይጠፋ ይችላል፤ ስዊቹም የመልእክቱን ከፊል ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ሲሠራ ጎረቤቱ አይሠራም፤ ጥፋቱም በከንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ይላከካል። «ኤል.ኤ.ሲ.ፒ.» የተባለው ደንብ በሁለቱም ጫፍ ሲሠራ ግን ስዊቾቹ በየ30 ሴኮንዱ፣ በፈጣኑ አሠራር በየ1 ሴኮንዱ ይጠያየቃሉ። መልስ የጠፋበት መስመርም በ90 ወይም በ3 ሴኮንድ ከጥምረቱ ይወጣል።

በርክክብ ጊዜ እያንዳንዱን ኬብል ተራ በተራ ነቅሎ መፈተን ያስፈልጋል፤ የሚነቀለውም ከስዊቹ ሥር ብቻ ሳይሆን ከመለወጫው ማዶ ጭምር ነው። ሁለቱ ኬብሎች በአንድ ቦይ ከተቀበሩ አንድ የዶማ ምት ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። ከዚህም ሌላ ተጠባባቂው ሥራውን ሲረከብ ተጠቃሚው ምንም ስለማይሰማው፣ የመጀመሪያው መስመር ለወራት ተበላሽቶ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የስዊቹን መዝገብ በየሳምንቱ የሚያይ ሠራተኛ አስቀድሞ መመደብ አለበት።