ጉጉትና የሌሊት ወፍን ምን ያመሳስላቸዋል?

ስሟ «ወፍ» ይሁን እንጂ የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም፤ ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት። ጉጉት ግን እንቁላል የምትጥል የምር ወፍ ናት። ዝምድና የላቸውም፤ የሚያመሳስላቸው ሥራቸው ነው። ሁለቱም ጨለማ ውስጥ በጆሯቸው ያድናሉ።

• የሌሊት ወፍ፦ ነፍሳት የሚበሉት ዝርያዎች የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ የሆነ ቀጭን ድምፅ ይለቃሉ። ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ የእሳት ራቷ የት እንዳለች ያውቃሉ።

• ጉጉት፦ እሷ ዝም ብላ ታዳምጣለች። የአንዳንድ ጉጉቶች ጆሮ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው። ድምፁ ሁለቱ ጋ እኩል ስለማይደርስ አይጧ ያለችበትን ቦታ በትክክል ይለያሉ።

«የሌሊት ወፍ ዕውር ናት» የሚባለውስ? ውሸት ነው፤ ሁለቱም ያያሉ።

ሌላው የሚጋሩት ነገር ስማቸው መጥፋቱ ነው። ጉጉት ጣሪያ ላይ ስትጮህ «ሟርት ነው» ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ አለ። ግን አንዷ እህል የሚጨርሰውን አይጥ፣ ሌላዋ ሰብል የሚያበላሹ ነፍሳትን ትበላልናለች። ጉጉቷን ስንገድል ደስ የሚለው ለአይጡ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የሌሊት ወፍ በሽታ ልታስተላልፍ ስለምትችል በባዶ እጅ አትንኳት። ከዚያ ውጪ ተዉአቸው፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ናቸው።