ተጨማሪ መረጃ፦ ፍቅር ነው ወይስ ፍርሃት?

ፍቅር ሲይዘን ልባችን ይመታል፣ እጃችን ያልበዋል፣ አፋችን ይደርቃል። የሚገርመው ስንፈራም የምንሆነው ይህንኑ ነው። ታዲያ ሰው ሁለቱን ሊያምታታቸው ይችላል?

ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጥያቄውን የፈተሹት ካናዳ ውስጥ፣ በካፒላኖ ወንዝ ላይ በተዘረጋ ድልድይ ነበር። ድልድዩ 70 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተንጠለጠለና ሲረግጡት የሚወዛወዝ ነው። አንዲት ወጣት እዚያው ድልድዩ ላይ ያገኘቻቸውን ወንዶች መጠይቅ አስሞልታ፣ ከወረቀት ጥግ ቀዳ ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻቸው። ቁጥሯን ከተቀበሉት 18 ወንዶች 9ኙ ደወሉላት። ዝቅ ባለና በማይነቃነቅ ድልድይ ላይ ቁጥሯን ከተቀበሉት 16 ግን የደወሉት 2 ብቻ ናቸው። ጠያቂው ወንድ ሲሆን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም።

በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት ፍርሃት የቀሰቀሰው የልብ ትርታ እንደ መማረክ ሊቆጠር እንደሚችል ያመለክታል። ፍቅር ሁሉ ከፍርሃት ይወለዳል ማለት ግን አይደለም፤ እዚያው የሚያስፈራ ድልድይ ላይ ቆመው ቁጥሯን ከተቀበሉት እኩሌቶቹ አልደወሉምና። በጭንቅ ሰዓት የተዋወቃችሁትን ሰው ለፍቅር ከማጨታችሁ በፊት፣ ልባችሁ ሲረጋጋ ደግማችሁ አግኙት።