ከጓደኛ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ

ከመካከላችን የባሕር ዳርቻ ሪዞርት አይታ የማታውቅ ጥቂት ናት። የምናውቀው ግን በጓሮ በር በኩል ነው። ለስንት ሰው ስንት ፎጣ እንደሚያዝ፣ የሕፃኑ ጡጦ በየትኛው ቦርሳ እንደሚገባ፣ የልጆቹ መዋኛ ከየት ጀምሮ እንደሚጠልቅ እናውቃለን። ማዳም ፀሐይ ስትሞቅ እኛ ዣንጥላ ሥር ቆመን ልጅ እንቆጥራለን። ማታ ሙዚቃው ሲጀመርም ልጆቹን ለማስተኛት ወደ ክፍል እንገባለን፤ ዘፈኑን የምንሰማው በመስኮት ነው።

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ ሌላ ዓይነት የሪዞርት ጉዞ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አጠራቅመው፣ የሚወዱት ባንድ ወደሚጫወትበት የባሕር ዳርቻ እንግዳ ሆነው ስለሚሄዱበት ጉዞ። (ባሕር ዳርቻ ስንል ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ማለታችን አይደለም፤ ናፍቆቷ እንዳለ ሆኖ።)

ነገሩ የተስፋፋው በአሜሪካኖች ዘንድ ነው። በጥርና በየካቲት አገራቸው በበረዶ ሲሸፈን አንድ ባንድ በሞቃት አገር ያለ ትልቅ ሆቴል ለጥቂት ቀናት ይይዛል። አድናቂዎቹም ወደዚያ ይሄዳሉ። በጣም የተለመደው ቦታ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በኪንታና ሮ ግዛት፣ ሪቪየራ ማያ የሚባለው የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ነው፤ በካንኩን አውሮፕላን ማረፊያ ይገባል። ፊሽ የሚባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 እዚያ ተጫውቷል፤ ዴድ ኤንድ ካምፓኒ የተባለውም በ2018 ተከትሎታል። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ኮንሰርቱም በዚያው ውስጥ ነው። መድረኩ አሸዋው ላይ ይተከላል። ቀን ዋና፣ ማታ ሙዚቃ ነው። ሁልጊዜ ግን አይሳካም፤ በጥር 2022 የዴድ ኤንድ ካምፓኒ ዝግጅት በኮቪድ ምክንያት በዋዜማው ተሰርዟል።

ከእነዚህ ሁሉ ቀልባችንን የሳበው ብራንዲ ካርላይል የተባለችው አሜሪካዊት ዘፋኝ የጀመረችው ነው። ይህች ሴት በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1981 ተወለደች። ባንዱ በእርሷ ስም ቢጠራም ከፊልና ከቲም ሃንሰሮት፣ ከሁለቱ መንታ ወንድማማቾች ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው የሚሠሩት የሦስቱ ነው። ብራንዲ በትላልቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች ላይ ስማቸው በጉልህ የሚጻፈው በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው አላስደሰታትም። ማማረሩን ትታ የራሷን ዝግጅት አዘጋጀች። ገርልስ ጀስት ዋና ዊክኤንድ ብላ ሰየመችው፤ ሴቶች የፈለጉት የእረፍት ቀን ብቻ ነው እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ከጥር 30 እስከ የካቲት 3 ቀን 2019 በሪቪየራ ማያ ተካሄደ። መድረኩን የሞሉት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ኢንዲጎ ገርልስ የሚባሉት ሁለቱ፣ ኤሚ ሬይና ኤሚሊ ሳሊየርስ፣ በጆርጂያ ግዛት በልጅነት ትምህርት ቤት የተዋወቁና ለብዙ ዓመታት አብረው የሚዘፍኑ ናቸው። ብራንዲ ከዚያ ዝግጅት በተመለሰች በሳምንቱ ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን ወሰደች።

በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህም ቀላል ምክንያት አለው። የክፍሉ ዋጋ የሚሰላው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ያድራል ተብሎ ነው፤ ብቻውን የሚመጣ ይጨመርበታል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ የአውሮፕላኑ ሳይቆጠር ለአንድ ሰው ከሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ አንዷ ጓደኛዋን ታግባባለች፣ ከወራት በፊት ይመዘገባሉ፣ ከደሞዛቸው እየቆረጡ ያስቀምጣሉ። ስለ ሻንጣ፣ ስለ ልብስ፣ የትኛው ዘፈን ይዘፈን ይሆን እያሉ ወሩን ሙሉ ያወራሉ። በእኛ ግምት ከጉዞው ግማሹ ይኸው ወሬ ነው። አንድን ዘፈን ከሚያውቅ ብዙ ሕዝብ መካከል መቆም ደስ ይላል። ያንን ዘፈን በየትኛው ክፉ ቀን ስትሰሚው እንደነበር የምታውቅ ሴት አጠገብሽ ስትቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ከማዶ ሕንፃ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች የምታነጋግረን ጓደኛ ያለችን ሰዎች ይህ አይጠፋንም።

አሁን ወደ ሆቴሉ ውስጥ እንግባ። የእነዚያን እንግዶች አልጋ የምታነጥፈው ማን ናት? በሪቪየራ ማያ ሆቴሎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከቺያፓስ፣ ከታባስኮና ከዩካታን ግዛቶች እንጀራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ድንበር አልተሻገሩም እንጂ ታሪካቸው ከእኛ ብዙ አይርቅም። ሜክሲኮ የቤት ሠራተኛን ነገር ለዓለም ያሳየ ፊልምም ወጥቶባታል። ሮማ የተባለው የአልፎንሶ ኩዋሮን ፊልም በየካቲት 2019 ሦስት ኦስካር ተሸልሟል። ዳይሬክተሩ ያሳደገችውን ሞግዚት እያስታወሰ የሠራው ነው። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ክሊዮ የምትባለው ሠራተኛ ልጇን በሞት ካጣች በኋላ፣ ሐዘኗ እንዲቀልላት ብለው አሰሪዋ ከልጆቹ ጋር ቱሽፓን ወደሚባል ባሕር ዳርቻ ይዛት ትሄዳለች። ለእረፍት ነው የተባለው። እናትየው ዞር ባለችበት ሁለቱን ልጆች ማዕበል ይወስዳቸዋል፤ ዋና የማትችለው ክሊዮ ልብሷን እንደለበሰች ገብታ ታወጣቸዋለች። ልጆቹ ይወዷታል፣ አቅፈዋት ያለቅሳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን የልብሱን እጥበት የምትይዘው ያው ክሊዮ ናት። ፊልሙን ያየች ሁሉ ይህን ልብ ሳትል አትቀርም።

ሜክሲኮ በዚሁ ዘመን ሕጓንም ነካክታለች። በታኅሣሥ 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቤት ሠራተኞችን ከማኅበራዊ ዋስትና ማስወጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ በ2020 አገሪቱ የዓለም ሥራ ድርጅትን 189ኛ ስምምነት አጸደቀች። ይህ ስምምነት በ2011 የወጣ ሲሆን ስለ ቤት ሠራተኞች ነው። በዘጠነኛው አንቀጽ የተጻፈው ለጉዳያችን ዋና ነው፤ በአሰሪዋ ቤት የምትኖር ሠራተኛ በዕለት ወይም በሳምንት እረፍቷ፣ በዓመት ፈቃዷም ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ ወይም ከቤተሰቡ ጋር እንድትቆይ አትገደድም ይላል። እንግዲህ ከማዳም ጋር ሪዞርት ሄደን ልጅ ስንጠብቅ የከረምንበት ሳምንት፣ ባሕሩ ምንም ቢያምር፣ የእረፍት ሳምንት ሆኖ ሊቆጠርብን አይገባም ማለት ነው።

አብዛኞቹ የምንሠራባቸው አገሮች ይህን ስምምነት አላጸደቁም። ሆኖም የየራሳቸው ሕግ አላቸውና እንወቀው። የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 የ2015፣ የኳታር ሕግ ቁጥር 15 የ2017፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የ2022 ድንጋጌ ቁጥር 9፣ በሳዑዲ ዐረቢያ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ሁሉም በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይሰጣሉ። በሊባኖስ የሥራ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ በ2009 የወጣው የኮንትራት ቅጽ ግን በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይላል። ሰዓቱ እንዴት እንደሚያልፍ ሁለቱ ወገኖች ይስማሙ ብሎ ስለሚተው፣ ብዙ እህቶች እረፍታቸውን በር ተቆልፎባቸው ያሳልፋሉ። የተጻፈውና የሚደረገው እንደማይገናኝ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

አንዳንድ አንባብያን የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ስለ ዘፋኝና ስለ ሪዞርት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ስካሩን አናደንቅም፤ በእነዚያ ሪዞርቶች የመጠጥ ነገር ልክ እንደሌለው እናውቃለን። ነገር ግን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። ሲመለሱም የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በዝቶ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ እንዳጡ አይቶ፣ ለብቻቸው ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው፤ በታንኳም ሄዱ። ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝም፣ በዘጸአት 20ም ሆነ በዘዳግም 5፣ ሴቲቱን አገልጋይ ለይቶ ይጠራታል። ይህን ለአሰሪ በጨዋ አነጋገር ማስታወስ ነውር የለበትም።

ሜክሲኮ ለመሄድ አቅሙ የለንም፤ ባሕሩ ግን ብዙዎቻችን ከምንሠራበት ከተማ ብዙ አይርቅም። ከባዱ ከጓደኛችሁ ጋር በአንድ ቀን ፈቃድ ማግኘት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሁለታችሁም ቀደም ብላችሁ፣ እንግዳ በማይበዛበት ሳምንት ለአሰሪዎቻችሁ ንገሩ። የሁለት ሰው ዕቁብ ቀላል ነው፤ በየደሞዙ ጥቂት ብታስቀምጡ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል። ኢቃማችሁን ወይም ቅጂውን ሳትይዙ አትውጡ። በዱባይ በጁመይራ በኩል በነጻ የሚገባበት የሕዝብ ባሕር ዳርቻ አለ፤ በቤይሩትም ረምለት አል ባይዳ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ውሃው ግን በፍሳሽ የተበከለ ስለሆነ አሸዋው ላይ መቀመጡ ይበቃል። በሊባኖስ አንዳንድ የግል መዋኛዎች የቤት ሠራተኞችን አናስገባም ማለታቸው ብዙ አነጋግሮ፣ የቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 በዜግነትና በቀለም መለየትን የሚከለክል ሰርኩላር አውጥቷል። በር ላይ ቢመልሷችሁ ቀኑን በጭቅጭቅ አታጥፉት፤ የቦታውን ስምና ሰዓቱን ጽፋችሁ አምጡልን።

ውሃውን በተመለከተ፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ነን፣ ዋና አልተማርንም። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ። ካልተሰቀለም ከጉልበት በላይ አትግቡ፤ አንዳችሁ ስትገቡ ሌላዋ ዳር ሆና ትይ። ልብስና ስልክ የሚጠብቅም ያስፈልጋልና ተራ በተራ ነው። ዘፈኑን ከስልክ ላይ አስቀድማችሁ ጫኑት፤ ባሕር ዳር ኔትወርክ ይቆራረጣል። ቆሎና ዳቦ ከቤት ከያዛችሁ ምሳው ይረክሳል።

ሄዳችሁ ስትመለሱ የት እንደነበራችሁ፣ ምን እንደከፈላችሁና እንዴት እንዳስተናገዷችሁ ከጸሎት በኋላ ለአዘጋጆቹ ንገሩን፤ በሚቀጥለው እትም ስም ሳንጠቅስ እናወጣዋለን።