ደጅ ላይ ያለው ምክር ቤት

በጣና ዳር ባለው በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ማሳው የእሱ መሆኑን የሚመሰክርለት፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ሲጋጭ የሚያስታርቀው፣ ልጁ ወረታ ከተማ ገብታ ስትማር የነዋሪነት ማስረጃ የሚጽፍላት፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤቱን ሲከብበው ስሙን ለእርዳታ የሚመዘግብለት አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ቀበሌ። በየቀኑ እንገባበታለን፣ ማኅተም እንለምንበታለን፣ እናማርረዋለን። ሕጉ የሰጠው ትልቁ ማዕረግ ግን እምብዛም አይታወሰንም። ቀበሌ ምክር ቤት ነው፤ ነዋሪው የሚመርጠው፣ ነዋሪው የሚጠይቀው ምክር ቤት።

እስከ 1967 ድረስ በዚህ አገር ለገበሬው ቅርብ የነበረው ሹም ጭቃ ሹሙ ነበር፤ ለቀላል ክርክር ደግሞ አጥቢያ ዳኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ሁሉ ገልብጦ ገበሬው በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ክልል፣ ማኅበር እንዲያቋቁም አዘዘ። በፎገራ ሽማግሌዎች ቀበሌን እስከ ዛሬ «ገበሬ ማኅበር» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47 ለከተሞች ተመሳሳዩን አደረገ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ጅምሩ የነዋሪው የራሱ አስተዳደር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀበሌው ጠመንጃ ታጠቀ፣ እስር ቤት ከፈተ፣ ለጦር ግንባር ወጣት አፈሰ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው ምክር በየቤቱ ሥር የሰደደው እንዲህ ያለውን ያየ ወላጅ ልጁን ሊያድን ብሎ ነው። ምክሩን የሰጡትን አልወቅስም፤ ግን የዛሬ ልጆቻቸው ከዚህ ምክር ጋር ሲያረጁ ማየት ያሳዝነኛል።

ዛሬ ቀበሌውን የሚያቆመው በ1994 ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ መሠረት ቀበሌ ምክር ቤት፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለው። ምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ይመራዋል፤ አስተዳደሩን ሊቀ መንበሩ ይመራል። ብዙ ሰውን የሚያደናግረው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እሱ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ እንጂ ተመራጭ አይደለም። የመዝገብና የደብዳቤ ጉዳይ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ውሳኔ ላይ ያለ ቅሬታ ግን የሚቀርበው ለተመረጡት ነው። ሥራ አስኪያጁ ደጃፍ ላይ ሲመላለስ ከርሞ «አልሆነም» ብሎ የሚመለስ ስንት ሰው አለ! ምክር ቤቱን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ከሁሉ የሚከብደው የመሬት ነገር ነው። አማራ ክልል በ1992 የመሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 46ን ካወጣ በኋላ ገበሬው የይዞታ ደብተር እየተሰጠው መጣ፤ በደብተሩም የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲሰፍር ተደረገ። ማሳውን ዞሮ የሚያየው፣ ወሰኑን የሚመሰክረው፣ ዝርዝሩን ለሕዝብ አውጥቶ ቅሬታ የሚሰማው ነዋሪው ራሱ የመረጠው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነበር። በ2009 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252 ወጣ። ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን ይዛ መቅረቷ ወይም ለባሏ ወንድሞች መልቀቋ በብዙ ቦታ የሚወሰነው የኮሚቴው አባላት የሆኑ ጎረቤቶች በሚሰጡት ቃል ነው። ለዚህ ኮሚቴ ማንን እንመርጣለን ከሚለው የሚከብድ የፖለቲካ ምርጫ አላውቅም።

ፎገራ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የራሱ ውስብስብነት አለው። ሩዝ በ1970ዎቹ ሜዳው ላይ ከመግባቱ በፊት ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት የከብት ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የወጣው በዚያ ረግረግ ሣር ነው። ሩዝ ያንኑ ረግረግ ወደደው፤ ማንም የማይፈልገው መሬት እጅግ ተፈላጊ ሆነ፣ የወል ግጦሹም ከዓመት ዓመት እየታረሰ ጠበበ፣ የላሟም ዝርያ አብሮ ተመናመነ። የወል ግጦሹ ይታረስ ወይስ ይቅር፣ ቢታረስ ለማን ይከፈል፣ መሬት የሌለው ወጣት ድርሻ ያግኝ ወይስ ከብት ያለው ይከራከር፤ ይህ ሁሉ የሚነሣው በበዓል ቀን፣ ማረስ በማይፈቀድበት ዕለት በሚጠራው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው ረዥም ነው፣ ወሬው ብዙ ነው፣ ሰው ይሰለቻል። በሰለቸው ፈንታ የሚወስነው ግን የማይሰለቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም መሬቱን የሚፈልገው እሱ ነው።

በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው በጣና ዳር ያሉትን ቀበሌዎች ባጥለቀለቁ ጊዜ ማን ከየትኛው ጎጥ እንደተፈናቀለ፣ ማን አቅመ ደካማ ዘመድ እንዳለው ከቀበሌ በቀር የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። እምቦጭ የተባለው አረም ጣናን ሲወርረውም ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንዲነቅል ነዋሪውን የጠራው ያው ቀበሌ ነው።

ምርጫውስ? የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል፤ አንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። በ2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደረገ። ሐሳቡ ሲነገር ያምር ነበር፤ በየጎጡ ተመራጭ ይኖራል ማለት ነውና። በአገር አቀፍ ደረጃ መቀመጫው ከ3 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ግን ያን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችል አንድ ወገን ብቻ ሆነ፣ መቀመጫውንም ከሞላ ጎደል ያ ወገን ወሰደው። በ2005 ምርጫውም ውጤቱም ተደገመ። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫም የቀበሌና የወረዳ ድምፅ አልተሰጠም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት የቀበሌን ሥራ በብዙ ቦታ አውኮታል። ስለዚህ በ2005 አምስት ዓመት የነበረች የወረታ ልጅ ለመምረጥ ደርሳለች፤ ለቀበሌዋ ግን ድምፅ የሰጠችበት ቀን የለም።

ከዚህ ሜዳ ወጥቶ ካናዳ የገባ የአገር ልጅ የሚያየው ሌላ ነው። በኦንታሪዮ ግዛት የትንሽ ከተማ ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ ይመረጣል፤ ዕጩዎች የሚቀርቡት በፓርቲ ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ነው። መራጩ ከ4,000 በታች በሆነበት ከተማ ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ እንኳ አይጠየቅም። ሕግ ለይቶ ከሚፈቅደው ጉዳይ በቀር ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው ድምፅ መስጠትም መወዳደርም ይችላል፤ ጨረታ ሲወጣ፣ መንገድ ሲቆረጥ፣ የቆሻሻ ክፍያ ሲጨመር አስቀድሞ ያውቃል። ያ ሰው ወረታ ተመልሶ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ቢይዝ ቪዛ አይጠየቅም፣ መሥራትም ይፈቀድለታል። ካርዱ ከማይሰጣቸው መብቶች አንዱ ግን መምረጥና መመረጥ ነው። ለተወለደበት ቀበሌ ድምፅ የመስጠት መብት የቀረው እዚያው ለኖረው ወንድሙ ብቻ ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ለምርጫ አልተጠራም።

ጥሪው እስኪመጣ የሚሠራ ነገር እንዳለ የሚያሳይ ጎረቤት በዚያው በፎገራ ወረዳ አለ። ዙምራ ኑሩ በ1964 የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የጋራ ሥራውን በኮሚቴ ተከፋፍሎ ይመራል፤ እንግዳ የሚቀበል ኮሚቴ አለ፣ አረጋዊ የሚጦር አለ፣ ቅሬታ የሚሰማ አለ። ሴቶች ያርሳሉ፣ ወንዶች ይጋግራሉ፤ ኃላፊነቱም በጾታ አይለይም። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከወረዳ ትእዛዝ አልጠበቁም።

የወረታና የአካባቢዋ ቀበሌዎች ነዋሪ ዛሬ ሊጠይቅ የሚችለው ብዙ ነው። የዓመቱ የመዋጮ ገንዘብ ለምን እንደዋለ በቃለ ጉባኤ ይነበብለት። የመሬት ኮሚቴው አባላት መቼ እንደተመረጡና ማን እንደተካቸው ይነገረው። በስብሰባው የተወሰነው ሲጻፍ ሚስቱም ሴት ልጁም ተቀምጠው ይስሙ፣ ያልተስማማ ሰው ሐሳቡ ከነስሙ በቃለ ጉባኤው ይስፈርለት። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድ ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበል፤ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚወጣው በዚያ ወረቀት ነውና።