ኮምፒውተር ስለ ቡአ ምን ያውቃል?

ቡአ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በሕክምናው ቋንቋ ሄርኒያ ይባላል። (ሕዝቡ በዚሁ ስም ውሃ የቋጠረ የቆለጥ እብጠትንም ይጠራል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሄርኒያ ብቻ ነው።) የሆድ ግድግዳ ከተነባበሩ ጡንቻዎችና ጠንካራ ሽፋኖች የተሠራ ሲሆን፣ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ ሞራ ወይም አንጀት በክፍተቱ ሾልኮ ከቆዳ ሥር ይወጣል። እብጠቱ ጋደም ሲሉ ስለሚመለስ ሕመምተኛው ዓመታት ሊታገሠው ይችላል። አደጋው የሚመጣው አንጀቱ በክፍተቱ ታንቆ የቀረ ዕለት ነው፤ ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከደቅ ደሴት ተነሥቶ በባሕር ዳር ወደሚገኙት የፈለገ ሕይወት ወይም የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ለሚመጣ ሰው፣ ከእነዚያ ሰዓታት ብዙዎቹ በጀልባ ላይ ሊያልፉ ይችላሉ።

ታዲያ የማን ሕክምና እንደሚከብድ አስቀድሞ ማወቅ ቢቻልስ? ሰው ሰራሽ አስተውሎት ወደዚህ ሙያ ከገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የ369 ሕመምተኞችን ከ9,000 በላይ የሲቲ ስካን ምስሎች ለኮምፒውተር አቀረቡ። ሕመምተኞቹ ሰፊ የሆድ ግድግዳ ሄርኒያ የነበራቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ «ይህን ጡንቻ ተመልከት» የሚል መመሪያ አልተሰጠውም፤ ምስሉና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታወቀው ውጤት ብቻ ቀረቡለት፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ራሱ ፈለገ። ከዚያም ክፍተቱን ለመዝጋት የሆድ ጡንቻዎችን ሽፋን ከሽፋን መለያየት የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ 81.3 በመቶ ያህሉን በትክክል ለየ። ተመሳሳይ ምስሎች የተመለከቱት አንጋፋ ቀዶ ሐኪሞች 65 በመቶ አገኙ። የቁስል ማመርቀዝንም ደኅና አድርጎ ገምቷል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባው የሚደክመው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም ከመጣል እምብዛም አልተሻለም።

ይህ ውጤት ወደ ጣና ዳርቻ ሲመጣ ከመጀመሪያው እርምጃ ይሰናከላል። የብሽሽት ሄርኒያ አብዛኛውን ጊዜ ሲቲ ስካን አይጠይቅም፤ ሐኪሙ ሕመምተኛውን አቁሞ፣ እጁን በብሽሽቱ ላይ አሳርፎ «እስቲ ይሳሉ» ይላል፤ ምርመራው በዚሁ ያበቃል። ምስል በሌለበት ምስል አንባቢ ምን ይሠራል? በእኔ አስተያየት ግን የሚያሳስበው የምስሉ አለመኖር አይደለም። ዕድሜ፣ የእብጠት መጠን፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ የፈጀው ሰዓት በቁጥር ሊመዘገቡ የሚችሉ ናቸው፤ ኮምፒውተርም ከቁጥር ይማራል። የሚከብደው መጨረሻውን ማወቅ ነው። ታክሞ ወደ መንደሩ የተመለሰው ገበሬ ሄርኒያው ዳግም ወጣበት? ይህ ካልታወቀ ማሽኑ የሚማርበት መልስ የለውም።

መልሱን ፈልጎ ማግኘት እንደሚቻል ኡጋንዳ አሳይታለች። በምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል 302 ወንዶች ለብሽሽት ሄርኒያ በመረብ ተጠገኑ፤ ለግማሾቹ 125 ዶላር የሚያወጣ የፋብሪካ መረብ፣ ለቀሩት ደግሞ ከትንኝ አጎበር ተቆርጦ ከጀርም የጸዳ፣ ዋጋው 1 ዶላር ገደማ የሆነ ጨርቅ ገባላቸው። ከዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን አግኝተው መረመሩ። ሄርኒያው የተመለሰበት ከአጎበሩ ወገን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ የርካሹ ጨርቅ ውጤት ከውዱ መረብ ጋር የሚስተካከል መሆኑን በማስረጃ ማረጋገጥ የተቻለው እነዚያ ሰዎች ከየመንደራቸው ስለተገኙ ነው።