ከትከሻ ሸክም እስከ ራስ መርከብ፤ የሮስኮፍ ገበሬዎች ታሪክ

ሮስኮፍ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ የምትገኝ አነስተኛ የወደብ ከተማ ናት። በቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ የመርከብ ምስሎች ተቀርጸው መታየታቸው ኑሮዋ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ንግድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስረዳል። ስሟን ከሁሉ ይበልጥ ያስጠራው ግን በአካባቢዋ የሚመረተው ቀላ ያለ ሽንኩርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1828 አንሪ ኦሊቪዬ የተባለ ወጣት ሽንኩርት በመርከብ ጭኖ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረና ሸጦ ተመለሰ። ይህን ያዩ የአካባቢው ገበሬዎችም ፈለጉን ተከተሉ። በየዓመቱ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ሽንኩርቱን ጎንጉነው፣ በእንጨት ላይ አንጠልጥለውና በትከሻቸው ተሸክመው፣ ኋላም በብስክሌት እየዞሩ ከቤት ወደ ቤት ይሸጡ ጀመር። እንግሊዞችም «ጆኒ» የሚል ስም አወጡላቸው። በ1929 ቁጥራቸው ወደ 1,400፣ የሸጡትም ሽንኩርት ወደ 9,000 ቶን ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ንግዱ ሕይወትም አስከፍሏል። በኅዳር 1905 «ሂልዳ» የተባለችው መርከብ በሴን ማሎ አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ወደ ቤተሰባቸው የሚመለሱ ነበሩ። በ1930ዎቹ የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስም ገበያውን ክፉኛ ጎዳው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አርቲቾክና አበባ ጎመን የሚያመርቱት የአካባቢው ገበሬዎች ሌላ ችግር ገጠማቸው። ምርት በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወድቃል፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም ነጋዴው ነበር። በመሆኑም ገበሬዎቹ በ1961 አሌክሲ ጉርቬኔክ በተባለ ወጣት ገበሬ መሪነት በሴን ፖል ደ ሌዮን የጋራ የሽያጭ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ሰኔ 8 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች በሞርሌ ከተማ የሚገኘውን የአውራጃ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያዙ። መሪዎቹ ቢታሰሩም ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ ምርቱ በማኅበሩ የጨረታ ሰሌዳ አማካይነት፣ ዋጋው በሻጭም በገዥም ፊት በግልጽ እየታየ ይሸጥ ጀመር።

ገበሬዎቹ በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። ምርታቸው ሩቅ ገበያ እንዲደርስ መንግሥት በሮስኮፍ ጥልቅ ወደብ እንዲሠራ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ሆኖም በመስመሩ ለመሥራት የሚፈልግ የመርከብ ድርጅት ስላልተገኘ ራሳቸው ድርጅት አቋቁመው፣ «ኬሪስኔል» የተባለችው የጭነት መርከብ በጥር 1973 ወደ ፕሊመዝ ጉዞ ጀመረች። ይኸው ድርጅት ዛሬ «ብሪታኒ ፌሪስ» በሚል ስም በይበልጥ መንገደኞችን ያመላልሳል።

የሮስኮፍ ሽንኩርትም ከ2009 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከተወሰነው አካባቢ ውጭ የበቀለ ሽንኩርት በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። በከተማይቱም የጆኒዎችን ታሪክ የሚያስረዳ ቤተ መዘክር አለ።

የገበሬ መሪዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ሊያጤኑት የሚገባው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። የሮስኮፍ አካባቢ ገበሬዎች በመጀመሪያ ሽያጫቸውን አንድ አደረጉ፤ ቀጥለው መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ወደብ ከመንግሥት ጠየቁ፤ ሌላው እምቢ ያለውን ሥራ ደግሞ ራሳቸው ተባብረው ፈጸሙት።