ካርዱን የሚያጋልጠው ዝግተኛው ፍሬም

«በሰከንድ ስንት ፍሬም ያወጣል?» ስለ ግራፊክስ ካርድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውም ጥያቄ እሱው ይሆናል። መልሱ ግን ብቻውን ገዢን ያሳስታል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 90 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ10 ሚሊሰከንድ ተሠርተው፣ አንዱ ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። አማካዩ 91 ይወጣል፤ ሲያዩት ያማረ ቁጥር ነው። ተጫዋቹ የሚያስታውሰው ግን ጠላት ከበር ብቅ ሲል ስክሪኑ ቀጥ ያለባትን ያችን ቅጽበት ነው።

የዘ ቴክ ሪፖርት አዘጋጅ የነበረው ስኮት ዋሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ጥያቄውን ገለበጠው፤ በሰከንድ ስንት ፍሬም ወጣ ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ ወሰደ ብሎ መለካት ጀመረ። ዛሬ ከአማካዩ ጎን «ዋን ፐርሰንት ሎው» የሚባል ቁጥር የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። ከሺህ ፍሬም እጅግ የዘገዩት አሥሩ ተለይተው፣ በእነሱ ፍጥነት ቢሄድ ጌሙ በሰከንድ ስንት ፍሬም ያሳይ እንደነበር ይሰላል። አማካዩ 120፣ ይኼኛው 45 የሆነ ካርድ እና አማካዩ 100፣ ይኼኛው 80 የሆነ ካርድ ቢቀርቡልኝ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

ይህን ሚዛን ይዘን የኤንቪዲያን ጂፎርስ አርቲኤክስ 4090 እንየው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በ1,599 ዶላር መነሻ ዋጋ ገበያ ወጣ። ቺፑን ያመረተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ሲሆን፣ በ608 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ላይ 76 ቢሊዮን ትራንዚስተር ተሸክሟል። ከሱ በፊት የነበረው የ3090 ቺፕ 28 ቢሊዮን ብቻ ነበረው። ኩዳ ኮር የሚባሉት የስሌት ክፍሎች ከ10,496 ወደ 16,384 አድገዋል። ሚሞሪው እዚያው 24 ጊጋባይት ላይ ቀርቷል፤ በቺፑ ውስጥ ያለው ካሽ ግን ከ6 ወደ 72 ሜጋባይት ዘሏል። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቺፑ የሚፈልገውን መረጃ እቅፉ ውስጥ ሲያገኘው ወደ ውጭው ሚሞሪ መመላለሱ ይቀንስለታል።

ይህ ሁሉ ጉልበት የሚታየው ግን ሥራ ሲሰጠው ነው። በተለመደው ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላይ አንድ ፍሬም ሁለት ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ በፎር ኬ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። በፉል ኤችዲ 4090 ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል፤ ባለ 1,599 ዶላሩ እና ከእሱ የረከሰ ካርድ ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር ያወጡና ገምጋሚው ካርድ ሳይሆን ፕሮሰሰር ሲለካ ይውላል። ስለዚህ የፉል ኤችዲ ሞኒተር ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ ገንዘቡን መጀመሪያ ሞኒተሩ ላይ ያውለው።

ካርዱን በእውነት የሚያስጨንቀው የብርሃን ጨረርን ጉዞ እየተከተለ ጥላና ነጸብራቅ የሚያሰላው ሬይ ትሬሲንግ ነው። ሳይበርፓንክ 2077 ለተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረለት ፓዝ ትሬሲንግ፣ የሬይ ትሬሲንግ ከባዱ ዓይነት፣ በፎር ኬ ሲከፈት 4090ም ብቻውን አይችለውም። እዚህ ዲኤልኤስኤስ ይገባል፤ ምስሉ በአነስተኛ ጥራት ተሠርቶ በሰለጠነ የኤአይ ሞዴል ወደ ትልቁ ይሰፋል። ይህን ክፍል ያለ ቅሬታ እቀበለዋለሁ። ፍሬም ጄኔሬሽን የተባለው የዲኤልኤስኤስ ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። ካርዱ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ሦስተኛ ይፈጥራል፤ ያንን ለማድረግ ሁለተኛው ፍሬም ተሠርቶ እስኪያልቅ መያዝ አለበት። እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል፣ ማውሱ ግን አይፈጥንም፤ እንዲያውም በትንሹ ይዘገያል። በሰከንድ 120 ፍሬም እየታየ እጅ የሚሰማው 60ውን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ደባልቆ የሚያቀርብ ግምገማ አንባቢውን በድሏል።

መለኪያውም ሥርዓት ይጠይቃል። አንድ ዓይነት የጌም ትዕይንት፣ አንድ ዓይነት ድራይቨር፣ የተከደነ ኬዝ፣ ደጋግሞ መሮጥ። ቀዝቃዛ ካርድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከፍ ባለ ፍጥነት ይሠራል፤ እስኪሞቅ ያልጠበቀ ገምጋሚ የሚለካው ገዢው በማታ ጨዋታው የማያገኘውን ነው።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ ካርዱ እስከ 450 ዋት ይስባል፤ ኤንቪዲያ ቢያንስ 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። በ12 ቮልት 450 ዋት ማለት 37 አምፔር ገደማ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንዲት ትንሽ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ያልፋል። በወጣ በሳምንታት ውስጥ የቀለጡ መሰኪያዎች ፎቶ መታየት ጀመረ። ኤንቪዲያም ገለልተኛ መርማሪዎችም በዋና ምክንያትነት ያነሱት መሰኪያው እስከ ጥግ አለመግባቱን ነው። ያም ሆኖ ዲዛይኑን ነጻ አላወጣውም፤ በትንሽ ግድየለሽነት የሚቀልጥ መሰኪያ ለመሳሳቻ ቦታ አልተወም፤ ኋላም ተሻሽሎ ወጥቷል። ደግነቱ የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ማድረግ ከፍጥነቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ሙቀቱና ጫጫታው ግን በእጅጉ ይወርዳል። መብራት በሚቆራረጥበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ደግሞ ለቢሮ ኮምፒውተር የተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ ይህን ጭነት እንደማይሸከም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አርቲኤክስ 5090 በ1,999 ዶላር፣ በ32 ጊጋባይት ሚሞሪና በ575 ዋት ስለወጣ 4090 አሁን በብዛት የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ነው። ሻጩ መሰኪያውን ነቅሎ ያሳያችሁ፤ የጠቆረ ወይም የተጣመመ ፕላስቲክ ካለ አትውሰዱት። ቺፑና ሚሞሪው ተነቅሎ ባዶ ቅርፊቱ የሚሸጥበት አጋጣሚም አለ፤ ከውጭ አይለይም። ስለዚህ ማሽን ላይ ተሰክቶ ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ሲያሄድ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።